ቻይንኛን በስልክ ለመማር፦ ከአዘዞ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ በጎንደር፣ በአዘዞ በኩል በሚሠራ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አለቆቼ ቻይናውያን ናቸው። ቻይንኛ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ዱኦሊንጎን ጨምሮ ሰባት መተግበሪያ ስልኬ ላይ አለ፤ በቴሌግራም ያገኘሁት በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የቻይንኛ መማሪያ ፒዲኤፍም አለኝ። መተግበሪያው ላይ ጥያቄውን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ፎርማኑ ሲናገር ግን አንድ ቃል እንኳ አይያዘኝም። የተሻለ መተግበሪያ፣ ቢቻል በአማርኛ የሚያስተምር፣ ይጠቁሙኝ። የቻይና ፊልም ማየትስ ይረዳኛል? ቪዛ ካርድ የለኝም፤ የኔትወርኩን ነገር ያውቁታል። በስድስት ወር አስተርጓሚ መሆን እፈልጋለሁ።»

ስምንተኛ መተግበሪያ አያስፈልግሽም። ካሉሽም አምስቱን አጥፊያቸው። እነዚህ መተግበሪያዎች በዋናነት የሚያሠለጥኑት ዓይንን ነው። አራት ምርጫ ይቀርብልሻል፣ ከሥሩ ፒንዪን (ቻይንኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት) ተጽፏል፣ አንዳንዴ ሥዕልም አለው። ድምፁን በከፊል ብትሰሚ እንኳ ሦስቱን በግምት ጥለሽ አራተኛውን ትነኪያለሽ፤ ስልኩም «ጎበዝ» ይልሻል። ፎርማኑ ምርጫ አያቀርብም። ግሬደሩ እያጓራ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ውጦ ነው የሚናገረው። ስምንት ወር የለፋሽው አንድ ነገር ላይ ነው፣ ሥራሽ የሚጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከቋንቋው ጠባይ ይመጣል። ማንዳሪን የሚባለው መደበኛ ቻይንኛ ቃናን (የድምፁን መውጣትና መውረድ) ካልቆጠርን ያሉት ክፍለ ቃላት ወደ 400 ብቻ ናቸው፤ ቃናው ሲታከል ወደ 1,300 ይደርሳሉ። ይህ ለአንድ ትልቅ ቋንቋ በጣም ጥቂት ነው። ቃናውን ሳትለዪ ከሰማሽ እያንዳንዱ ድምፅ የብዙ ቃላት ክምር ይሆንብሻል፤ «አንድም ቃል አይያዘኝም» ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው። ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። «አለ» ሲጠብቅ አንድ፣ ሲላላ ሌላ ነው፤ ፊደሉ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። ማናችንም ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፣ በጆሮ ነው የገባን። ቻይንኛ አራት ቃናና አንድ ቀላል፣ ጫና የሌለው ድምፅ አለው። አንድ በአንድ መለማመዱ ግን ብዙም አይጠቅምሽም፤ ሰው ሲናገር ቃናው የሚመጣው ተያይዞ ነው። አራቱ ከአምስቱ ጋር ሲጣመሩ 20 ጥንድ ይሆናሉ። ሦስተኛ ቃና ተከታትሎ ሲመጣ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ስለሚቀየር (ሰላምታው «ኒ ሃው» ራሱ እንዲህ ነው) ጆሮሽ መለየት ያለበት 19 ነው። ዩቲዩብ ላይ «የቃና ጥንድ» ልምምድ በእንግሊዝኛ ፈልጊ፤ ዮዮ ቻይኒዝን ጨምሮ በነጻ የሚያስተምሩ ሞልተዋል። ሌላ ምንም ሳትጨምሪ ሁለት ሳምንት በዚህ ላይ ብቻ ብትቆዪ አትከስሪም።

የአማርኛ ፊደሉን ፒዲኤፍ አጥፊው። ያዘጋጀው ሰው ቅን ልብ ቢኖረውም ፊደላችን ለዚህ ሥራ አልተሠራም። በፒንዪን በ«ኪው» የሚጻፈውና በ«ሲ ኤች» የሚጻፈው በእኛ ሁለቱም «ች» ይሆናሉ፤ በ«ኤክስ»ና በ«ኤስ ኤች» የሚጻፉት ሁለቱም «ሽ»፤ በ«ጄ»ና በ«ዜድ ኤች» የሚጻፉት ሁለቱም «ጅ»። ስድስት ድምፅ ሦስት ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ቃናውም ተንኖ ይጠፋል። እኔም እዚህ ላይ ቃላቱን በፊደላችን የምጽፈው ስለ ምን እንደማወራ እንድታውቂ ያህል እንጂ እንዲያ እንድትጠሪያቸው አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ቻይና በይፋ የተቀበለችውን ፒንዪን ተማሪ፤ ሕጉ ውስን ነው፣ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ብቻ የላቲን ፊደል ስለሆነ እንደ እንግሊዝኛ አታንብቢው። ድምፅ የሚያሰማ የፒንዪን ሰንጠረዥ በነጻ የሚያቀርቡ ድረ ገጾች አሉ፤ አንዱን ይዘሽ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል እየነካሽ ተከተይ።

እዚያው ላይ አንድ ሙከራ አድርጊ። ስስ ወረቀት ቀድደሽ ከከንፈርሽ ፊት ያዢ። በ«ፒ»፣ በ«ቲ»፣ በ«ኬ» የሚጀምሩትን ስትዪ ወረቀቱ መርገብገብ አለበት፤ በ«ቢ»፣ በ«ዲ»፣ በ«ጂ» የሚጀምሩትን ስትዪ ንቅንቅ ማለት የለበትም። እነዚህ ሁለተኞቹ የእኛ ብ፣ ድ፣ ግ አይደሉም፤ ጉሮሮ አይነዝርባቸውም። ጥ፣ ጭ፣ ጵና ቅ ደግሞ ቻይንኛ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ልማድ ሆኖ ከገቡብሽ አሁኑኑ አስወጫቸው።

አሁን ወደ ፎርማኑ ልምጣ፤ መተግበሪያዎቹ ትንፍሽ የማይሉት ጉዳይ እሱ ጋ ነው። በመተግበሪያ የምትሰሚው የዜና አንባቢ ድምፅ ነው። መንገድ ሥራ ላይ ያሉት ግን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ማንዳሪንን በየቅላጼያቸው ነው የሚናገሩት። ከሲቹዋን የመጣ ሰው «ን»ንና «ል»ን ሊያደባልቅ ይችላል፤ ብዙ የደቡብ ሰዎች «ሽ» ማለት ያለባቸውን «ስ» ይሉታል። በንብረት ክፍል ይህ ቀልድ አይደለም። 4 «ስ» ነው፣ 10 «ሺ»፤ 14 «ሺ ስ»፣ 40 «ስ ሺ»፣ 44 «ስ ሺ ስ» ይሆናል። «ሽ»ው ወደ «ስ» ሲቀየር 14ና 40 በቃና ብቻ ይለያሉ፦ 14 መጀመሪያ ወጥቶ ከዚያ ይወርዳል፣ 40 ወርዶ ይወጣል። አሥራ አራት ከረጢት ሲሚንቶ ወይስ አርባ? የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ቁጥር በሰማሽ ቁጥር በስልክሽ ጽፈሽ አሳዪው፤ ማንም አይቀየምም፣ እነሱም እርስ በርሳቸው ያደርጉታል።

በጣትም ያሳዩሻል፣ ግን ጣታቸው የራሱ ሕግ አለው። ቻይናውያን እስከ 10 በአንድ እጅ ይቆጥራሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ተዘርግተው ሌሎቹ ከታጠፉ 6 ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ከተዘረጉ፣ ለእኛ ሁለት የሚመስለው፣ ለእነሱ 8 ነው። የመኪና ታርጋና የስልክ ቁጥር ሲጠሩ 1ን «ዪ» ሳይሆን «ያው» ይሉታል። «ሁለት ቁልፍ ስጪኝ» ሲሉ የምትሰሚው መተግበሪያው ያስተማረሽን «አር» ሳይሆን «ልያንግ» ነው። ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ አቆጣጠራቸው በሺህ ሳይሆን በአሥር ሺህ ነው፤ «ዋን» ይሉታል። 35,000 ብር ሦስት ነጥብ አምስት ዋን፣ 120,000 ብር አሥራ ሁለት ዋን ነው። ስለ ደመወዝ ስትነጋገሪ እዚህ ላይ አትሳሳቺ።

ከዚህ ተነሥቼ የምነግርሽ፣ ለአንቺ ከሁሉ የሚሻለው የመማሪያ ድምፅ አጠገብሽ ያለው ሰው ድምፅ ነው። ቻይናውያን መልእክት የሚለዋወጡበትን መተግበሪያ፣ ዌቻትን፣ አውጪ። አዲስ አካውንት ሲከፈት ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥልሽ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፎርማኑ ወይም ሌላ የሥራ ባልደረባ ያረግልሻል። ከዚያ ትእዛዙን በድምፅ መልእክት እንዲልክልሽ ለምኚው፤ ለሥራው ስለሚጠቅመው እምቢ አይልም። መልእክቱን ደጋግመሽ ትሰሚዋለሽ። ስትነኪውና ያዝ ስታደርጊው ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አማራጭ ይመጣል፤ የወጣውን ጽሑፍ ገልብጠሽ መዝገበ ቃላት ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ቅላጼው ከባድ ከሆነ ጽሑፉ ይሳሳታል፤ ያኔ ምን ለማለት እንደፈለገ ጠይቂው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ሳያውቅ ድምፁን አትቅጂ፣ የመሥሪያ ቤት መልእክትም ወደ ሌላ ቦታ አታስተላልፊ።

መዝገበ ቃላቱ ፕሌኮ ይሁን። መሠረታዊው ክፍል ነጻ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የማታውቂውን ፊደል በጣትሽ ጽፈሽ መፈለግ ይቻላል። ካሜራ አነጣጥሮ የሚያነበው ክፍል በክፍያ ነው፤ ለሱ ጉግል ትርጉም በቂ ነው፣ የቻይንኛውን ፋይል አስቀድመሽ ካወረድሽ ኔትወርክም አይጠይቅም። ብቻ ጉግልን ከአማርኛ ወደ ቻይንኛ አታስተርጉሚው፤ በእንግሊዝኛ አጭር ዓረፍተ ነገር ብትሰጪው በጣም ይሻላል። ቃል ለማስታወስ ደግሞ አንኪ። በአንድሮይድ አንኪድሮይድ በሚል ስም በነጻ ይገኛል፣ የምትረሺውን ቶሎ ቶሎ፣ የያዝሽውን አልፎ አልፎ እያመጣ ይጠይቅሻል። የሌላ ሰው የ5,000 ቃል ጥቅል አታውርጂ፤ ከፎርማኑ መልእክት ያወጣሻቸውን ዓረፍተ ነገሮች ራስሽ አስገቢ፣ በቀን ከአሥር አይብለጥ፣ ከፊት ለፊት ጽሑፍ ሳይሆን ድምፅ ይሁን።

በአማርኛ የሚያስተምር ስትዪ የፈለግሽው ይገባኛል፤ ነገር ግን በአማርኛ የሚዘጋጁት አብዛኞቹ ሰላምታና ቁጥር ላይ ይቆማሉ። ጥያቄሽን ሳየው ሰባት የእንግሊዝኛ መተግበሪያ የጫንሽ ሰው ነሽና በእንግሊዝኛ መማሩ አያቅትሽም። እንደ ዋና ኮርስ አንድ ብቻ ያዢ። ሄሎቻይኒዝ ለጀማሪ ከዱኦሊንጎ የተሻለ ነው፤ ለቻይንኛ ተብሎ የተሠራ ነውና ስለ ቃናና ስለ ሰዋስው ቁም ነገር ያስረዳል፣ መነሻው ክፍል በነጻ ነው። ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት ኮርሶች ድረ ገጽ ላይ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የጀማሪዎች ኮርስ አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ የማይጠፋ ነገር ከፈለግሽ የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት ኢንስቲትዩት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ኮርስ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ድምፁም መጽሐፉም በሕጋዊ መንገድ በነጻ ይወርዳል። እሱ ደረቅ ነው፣ ግን ጆሮን አጥብቆ ያሠለጥናል፤ ለድምፅና ለፒንዪን ልምምድ ብቻ የተለየ ክፍል አለው። ዘመኑ ያለፈበት መሆኑን ብቻ አትርሺ፤ እዚያ ውስጥ ሰው «ጓድ» እየተባለ የሚጠራበት ቦታ አለ፣ አንቺ ፎርማንሽን እንዲያ እንዳትዪው።

የኔትወርኩን ነገር በተመለከተ ቪዲዮ ትተሽ ወደ ድምፅ ዙሪ። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 29 ሜጋባይት ነው፤ ተመጣጣኝ ጥራት ያለው ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ይበላል። ማራኪ ወይም ፒያሳ ዋይፋይ ያለው ካፌ ስትገቢ፣ ወይም በሌሊት ጥቅል፣ የሳምንቱን አንድ ላይ አውርጂና ከአዘዞ ታክሲ ውስጥ ስሚው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ የማይቆም ትምህርት የሚኖርሽ አስቀድሞ ከወረደ ብቻ ነው። ለጎንደር ተማሪ ይህ ከመተግበሪያ ምርጫው ይበልጣል።

ፊልም። ብዙዎቻችን በቪዲዮ ቤት ያደግንባቸው የሆንግ ኮንግ የካራቴ ፊልሞች ብዙዎቹ በካንቶኒዝ ነው የተሠሩት፤ ካንቶኒዝና ማንዳሪን በንግግር አይግባቡም፣ ስለዚህ መቶ ፊልም ብታዪ ለፎርማኑ አይረዳሽም። በሰይፍና በቀሚስ ያጌጡት የቤተ መንግሥት ድራማዎች ደግሞ ማንዳሪን ቢሆኑም አነጋገራቸው የጥንት ነው፤ ከእነሱ መማር የአፄ ፋሲልን ዘመን አማርኛ አጥንቶ ፒያሳ ማኪያቶ እንደማዘዝ ነው። የሚሻሉሽ በዘመኑ ከተማ ውስጥ የሚካሄዱ የቤተሰብና የሥራ ቦታ ድራማዎች ናቸው። በቻይና የሚሠሩ ድራማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሥራቸው የቻይንኛ ጽሑፍ አላቸው፤ ግን ወደ 600 ቃል ሳትደርሺ ለመዝናናት እንጂ ለመማር አትቁጠሪያቸው። እስከዚያው ማንዳሪን ኮርነር በሚባለው የዩቲዩብ ቻናል መንገድ ላይ ተራ ሰዎችን የሚያነጋግሩባቸው ቪዲዮዎች አሉ፤ ፊደሉ፣ ፒንዪኑና እንግሊዝኛው አብሮ ይታያል፣ ሰዎቹም እንደ ሰው ይናገራሉ። ለሕፃናት የተሠሩ አምስት ደቂቃ የሚፈጁ ካርቱኖችም አትናቂ። ስትመርጪ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ታይዋን የተዘጋጀ ከሆነ ፊደሉ ባህላዊው፣ ውስብስቡ ነው፤ ለአንቺ የሚያስፈልግሽ በዋናው ቻይና የሚሠራበት የተቃለለው ነው።

ቪዛ ካርድ አለመኖሩ አያሳስብሽ፤ እስከ መካከለኛ ደረጃ መክፈል አያስፈልግም። የሚያሳስበኝ ከክፍያ ለመሸሽ የሚመጣው ነው። በቴሌግራም «የተከፈተ ፕሪሚየም» እየተባለ የሚሰራጨውን የመተግበሪያ ፋይል ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ባለበት ስልክ ላይ አትጫኚ። የጋራ አካውንት እንሸጣለን ከሚሉም ራቂ። ሄሎቶክን የመሰሉ የቋንቋ መለዋወጫዎች ነጻና ጠቃሚ ናቸው፣ ግን በሦስተኛው ቀን ስለ ፍቅር ወይም ስለ ክሪፕቶ የሚያወራሽን ሰው ወዲያው አግጂ። የአርቲፊሻል ኢንተሊጀንስ አጫዋቾች፣ ለምሳሌ ዲፕሲክ፣ ሰዋስው ለማስረዳትና በምታውቂያቸው ቃላት አጭር ታሪክ ለመጻፍ ጥሩ ናቸው፤ ቃናሽን እንዲያርሙልሽ ግን አትተማመኚባቸው። እሱን ራስሽን ቀድተሽ ከዋናው ድምፅ ጋር አስተያዪ፣ ወይም ሰው ጠይቂ።

ስድስት ወሩን ግን አልቀበልሽም። ያው የአሜሪካ ኢንስቲትዩት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማት ማንዳሪንን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመማር 2,200 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ያሰላል። ለእኛ አማርኛ የሰጠው 1,100 ነው፤ እሱም ከባድ ከሚባሉት ተርታ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ብትይ እንኳ 2,200 ሦስት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት የሚጨበጥ ግብ የንብረት ክፍልን ሥራ ያለ አስተርጓሚ መሥራት ነው፣ እሱም ደመወዝ ያስጨምራል። ከዚያ በፊት ማንም ቢለምንሽ ውል፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የሥራ ላይ አደጋና ሕክምና አታስተርጉሚ። ፊደሉንም በእጅ መጻፍ ላይ ጊዜሽን አትጨርሺ፤ ቻይናውያን ራሳቸው ስልክ ላይ ፒንዪን ጽፈው ከሚወጣው ይመርጣሉ። ማንበብና መለየት ይበቃሻል።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ለሦስት ወር ስልክሽ ላይ አራት ነገር ብቻ ይቅር፦ ሄሎቻይኒዝ፣ ፕሌኮ፣ አንኪና ዌቻት። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ድምፅ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ኮርስ፣ አሥር የአንኪ ካርድ፣ በቀን አንድ የፎርማኑ መልእክት እስኪገባሽ ድረስ። መብራት በጠፋ ቀን የወረደውን ብቻ ስሚ፣ ቀኑን ግን አትዝለዪው።

እድገትሽን በመተግበሪያ ነጥብ አትለኪ። ኤችኤስኬ የሚባለው ይፋ ፈተና የናሙና ወረቀትና ድምፅ በራሱ ድረ ገጽ ያቀርባል። ፈተናው ለውጥ ላይ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ስድስት ደረጃ አለው፣ በ2021 የወጣው መስፈርት ዘጠኝ አድርጎታል፣ የቃሉም ብዛት ይለያያል። ስለዚህ ገንዘብ ከፍለሽ አዲስ አበባ ለመፈተን ከመመዝገብሽ በፊት የትኛው እንደሚሰጥ ጠይቂ። ለመለኪያ ግን የቀድሞው 2ኛ ደረጃ ናሙና ይበቃል፦ 300 ቃል ነው፣ 35 የመስማት ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱም ሁለት ጊዜ ይነበባል። ከሦስት ወር በኋላ ወረቀቱን ሳታዪ መጀመሪያ በጆሮ ብቻ አዳምጪው፣ ከዚያ መልሺ። ከ35ቱ 28 ካገኘሽ ወደ 3ኛው ደረጃ እለፊ። ካነሰ አዲስ ቃል መጨመር አቁሚና ወደ 19ኙ ጥንዶች ተመለሺ።